ምጣዱ ፕላኑ ላይ ይግባልን

ለ፦ በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ፕላን ለምታጸድቁና የግንባታ ፈቃድ ለምትሰጡ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ግልባጭ፦ ለጋራ መኖሪያ ቤት ገንቢዎች፣ ለኤሌክትሪክ ዲዛይን መሐንዲሶች፣ ለሙያ ባልደረቦቼ፣ ቤት በማሠራት ላይ ላላችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ለእንጀራ ምጣድ ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ መስመር በቤት ፕላን ላይ እንዲካተት ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

የምጽፍላችሁ የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሽቦ መጎተት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ስልኬ በብዛት የሚጮኸው ቅዳሜ ጠዋትና የበዓል ዋዜማ ነው። የሚነገረኝም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ «ብሬከሩ እየወረደ አላስጋግር አለን፤ ሊጡ ሊበላሽብን ነው፤ እባክህ ድረስልን።»

የማገኘውን ገና ደረጃውን ሳልወጣ አውቀዋለሁ። ማድ ቤቱ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሶኬት አለ። ከአንዱ ሶኬት ላይ ዲቫይደር ተሰክቶ ፍሪጁ፣ የውሃ ማፍያውና ምድጃው ተደርድረውበታል፤ ከሌላው ላይ ምጣዱ ተሰክቷል። የሶኬቱ ፊት ነጭ የነበረው ቡናማ ሆኗል። የምጣዱ ስፒና እግሮች ጠቁረዋል፤ ነቅዬ ስይዘው ጣት ያቃጥላል። ቤቱ የእንጀራ ብቻ ሳይሆን የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። የቤቱ እመቤት ጣውላ ላይ ቆማ፣ የላስቲክ ጫማ ተጫምታ አክንባሎውን በጨርቅ ይዛ ታነሣለች። «ምነው እማማ?» ስል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ይነዝራል ልጄ። በባዶ እግር አይነካም። ለምደነዋል።»

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ «ለምደነዋል» የሚለው ቃል ነው። የሚነዝር ምጣድ የሚለመድ ነገር ሊሆን አይገባም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄም ሁሌ አንድ ነው፦ «ይህን ብሬከር በትልቅ ቀይርልን።» ከዓመታት በፊት፣ ሥራውን ገና በጀመርኩበት ጊዜ፣ ይህን ጥያቄ እሺ ብዬ አውቃለሁ። የ16 አምፔሩን አውጥቼ የ32 አስገባሁ። ሽቦውን አልነካሁም፤ ያው የቀድሞው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነበር። ብሬከሩ መውረዱን አቆመ፣ ቤተሰቡ መረቀኝ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ ወጣሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰው ጠሩኝ። ሶኬቱ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከስሏል፤ ከኋላው ያለው የሽቦ ልባስ ቀልጦ እርስ በርሱ ተያይዟል። ሽታውን ቀድማ ያወቀችው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ሮጣ ለእናቷ ተናገረች፣ እናቷም ዋናውን አጠፋች። ሰው አልተጎዳም። እኔ ግን ያን ቀን ግድግዳውን እየፈለፈልኩ ያወጣሁትን የተቃጠለ ሽቦ እስከ ዛሬ የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጫለሁ። «ትልቅ ቀይርልን» የሚለኝ ሰው ሲመጣ አውጥቼ አሳየዋለሁ።

ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፤ ሽቦውን ነው። ግድግዳ ውስጥ በቱቦ የተቀበረ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ በደህና የሚሸከመው 20 አምፔር ገደማ ነው፤ እንደ አቀባበሩ ትንሽ ከፍ ይላል። በ32 አምፔር ብሬከር ሥር ስናስቀምጠው፣ ሽቦው ከአቅሙ በላይ እየነደደ ብሬከሩ «ምንም የለም» ብሎ ይቀመጣል። በር ጠባቂውን አስተኝተን በሩን ከፈትን ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከባድ አይደለም። በገበያ ላይ ያለው የቤት ምጣድ በአብዛኛው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። የመስመራችን ቮልቴጅ 220 ነው። ዋቱን በቮልቱ ስናካፍል 3,500ው ወደ 16 አምፔር፣ 4,000ው ከ18 አምፔር በላይ ይሆናል። ግድግዳ ላይ የምንገጥመው ተራ ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣድ ገና ሲሰካ ብቻውን ሶኬቱን ጫፍ ላይ አድርሶታል፣ ወይም አሳልፎታል። የውሃ ማፍያ 2,000 ዋት ቢሆን 9 አምፔር ይጨምራል። ሁለት ማብሰያ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ 2,000 ዋት ቢወስድ ሌላ 9። ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ 34 አምፔር ሆኑ፤ ለ20 በተጎተተ ሽቦ ላይ። ሙቀቱ ደግሞ የሚያድገው ከአምፔሩ ጋር እኩል አይደለም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

«ታዲያ የ16 ብሬከር ካለ ምን ችግር አለ? ይወርድ የለ?» የሚሉኝ አሉ። ሁልጊዜ አይወርድም። የቤት ብሬከር የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። በዚያ ደንብ መሠረት የ16 አምፔር ብሬከር 18 አምፔር ቢያልፍበት ለአንድ ሰዓት መውረድ የለበትም፤ 23 አምፔር ገደማ ቢያልፍበት ደግሞ ለመውረድ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ለብዙዎቹ ዕቃዎች ይህ ምንም አይደለም፤ ውሃ ማፍያ በአምስት ደቂቃ ሥራውን ጨርሶ ይጠፋል። ምጣድ ግን እንደሱ አይደለም። አንዲት እናት ለሳምንት የሚሆን እንጀራ ለመጋገር ስትቀመጥ ምጣዱ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ሳይጠፋ ይነድዳል። በቤታችን ካለው ዕቃ ሁሉ ይህን ያህል አምፔር ለዚህን ያህል ጊዜ ሳያርፍ የሚጎትት ሌላ የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የላላ ሶኬት ነው። ስፒናው በየሳምንቱ ሲነቀልና ሲሰካ የሶኬቱ ምላስ ይላላል፤ ጥብቅ የነበረው መገናኛ ይሳሳል። እዚያች ነጥብ ላይ የምትፈጠረው መቋቋም፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት የምታግድ ማነቆ፣ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ብትሆን፣ 18 አምፔር ሲያልፍባት ከ30 ዋት በላይ ሙቀት ታወጣለች። አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ የሚበይድበት መበየጃ ሙቀቱ ይህን ያህል ነው። ይህን የመሰለ የጋለ ነገር ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ ግድግዳ ውስጥ፣ ለሁለት ሰዓት ተቀምጧል ማለት ነው። አምፔሩ አልጨመረምና ብሬከሩ ይህን አያይም። በዓለም ላይ ያለ ትክክለኛ ብሬከር ሁሉ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ መፍትሔው ጥሩ ብሬከር መግዛት ሳይሆን ምጣዱን ከተራ ሶኬት ማውጣት ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ ወደ እናንተ የመጣሁት ለዚህ ነው። የእኔና የባልደረቦቼ እጅ የሚደርሰው ግድግዳው ከተለሰነና ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ነው። የእናንተ እጅ ግን ወረቀቱ ላይ ይደርሳል።

ብዙ የቤት የኤሌክትሪክ ፕላን በእጄ ገብቷል። ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ የሚቀመጥበት ቦታ ተለይቷል። መኝታ ቤቱ ላይ የራስጌ መብራቱ ተሥሏል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቦይለሩ የራሱ ምልክትና የራሱ መስመር አለው። ማድ ቤቱ ላይ ስደርስ ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ የሶኬት ምልክት አገኛለሁ፤ ከሳሎኑ ሶኬቶች ጋር በአንድ መስመር የተያያዙበትም ጊዜ አለ። ምጣድ የሚል ቃል የለም። ቤቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ከባዱ፣ በየቤቱ የማይታጣው፣ ከወረቀቱ ላይ የለም። ፕላኑን የሚሥለውም የሚያጸድቀውም እንጀራ በልቶ ያደገ ሰው ነው፤ ስለዚህ ይህ የዕውቀት ጉድለት ነው ብዬ አላምንም። የምንማርባቸው መጻሕፍትና የምንከተላቸው ናሙናዎች የተዘጋጁት ምጣድ በሌለበት አገር ስለሆነ ይመስለኛል።

የሌላው አገር የማድ ቤት ደንብ የተጻፈው የራሱን ማድ ቤት እያየ ነው። አሜሪካኖች በ120 ቮልት ነው የሚጠቀሙት፤ ዳቦ መጥበሻና ቡና ማፍያ ጠረጴዛ ላይ እንደሚደረደር አውቀው፣ ለማድ ቤቱ ጠረጴዛ ሶኬቶች ብቻ ቢያንስ ሁለት ባለ 20 አምፔር መስመር እንዲኖር በኤሌክትሪክ ደንባቸው አስገድደዋል። እንግሊዞች ትልቁ ምድጃቸው ከባድ እንደሆነ ስለሚያውቁ ከማከፋፈያ ሣጥኑ የራሱ ወፍራም ሽቦ ይጎተትለታል፤ ግድግዳው ላይ የራሱ ማጥፊያ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ብሬከሩ የ32 አምፔር፣ ሽቦውም ባለ 6 ነው። እኛ ከእነሱ መቅዳት ያለብን የሶኬቱን ብዛት ሳይሆን ይህን አስተሳሰብ ነው፤ እነሱ ከራሳቸው ምድጃ እንደጀመሩ እኛ ከራሳችን ምጣድ እንጀምር።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግና ሌላ ከተማ ሆናችሁ እዚህ ቤት የምታሠሩ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናችሁ፤ በስልክ የምታናግሩኝም አላችሁ። እዚያ የምትጋግሩበት ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ስለሆነ በእነሱ መስመር 12 አምፔር ተኩል ብቻ ይወስዳል። ያንን ለምዳችሁ የዚህን አገር ምጣድ በዚያ ልክ አታስቡት። የሴራሚኩን ቀለምና የቁም ሣጥኑን እንጨት በፎቶ ስታስመርጡ፣ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የማድ ቤቱን ቱቦና ሽቦም ፎቶ አስነሥታችሁ ተመልከቱ። የሽቦው ውፍረት በቁጥር ላዩ ላይ ተጽፏል።

ታዲያ ፕላኑ ላይ ምን ይሣል? ከማከፋፈያ ሣጥኑ ተነሥቶ ምጣዱ ጋ የሚያልቅ፣ በመንገዱ ሌላ ምንም የማይቀጠልበት አንድ መስመር። ሽቦው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ፤ ርቀቱ ረዘም ካለ ወይም ቱቦው ውስጥ ሌሎች ሽቦዎችም ከተጨናነቁ ባለ 6። ብሬከሩ ለባለ 4ቱ ከ25 አምፔር ያልበለጠ። የሽቦው ጫፍ ተራ ሶኬት ላይ ሳይሆን ፌዙንና ኑትራሉን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውንና የሚመልሰውን ሽቦ፣ አንድ ላይ የሚቆርጥ፣ ቀይ መብራት ያለው ማጥፊያ ላይ ያርፍ፤ ከማጥፊያው ወደ ምጣዱ የሚሄደው ገመድ በብሎን ይታሠር። ምጣዱ መነቀልና መሰካት ካለበት የ32 አምፔር ክብ ሶኬት አለ፤ በግንባታ ቦታ ላይ የምናየው ሰማያዊው። ማጥፊያው ከምጣዱ በላይ አይሁን፤ እንፋሎቱ ላይ ተዘርግቶ የሚደረስበት ማጥፊያ በጭንቅ ሰዓት አይደረስበትም። ወደ በሩ በኩል፣ በትከሻ ቁመት ላይ ይሁን። የምጣዱ ቦታም ከውሃ ማጠቢያው ራቅ ይበል። አሁን እንደማየው ብዙ ጊዜ ሶኬቱ የሚገኘው ከቧንቧው በስተቀኝ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው፤ እጇ በሊጥና በውሃ የራሰ ሴት ስፒና ስትነቅል ማየት ያስጨንቃል።

የቀሩት የማድ ቤት ሶኬቶች በባለ 2.5 ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ሁለት መስመር ቢሆኑ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ፍሪጁ በራሱ መስመር ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ፤ ሌላው ዕቃ ብሬከር ሲያወርድ ሥጋና ወተት አይበላሽም። መብራቱ በባለ 1.5 ለብቻው ይሂድ፤ ብሬከር የወረደ ዕለት የጋለ ምጣድ አጠገብ በጨለማ መቆም የለም።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ወጪ ነው? ማከፋፈያ ሣጥኑ በአብዛኛው መግቢያው በር ጋ ነው፤ እንደ ኮንዶሚኒየም ባለ ቤት ከዚያ እስከ ማድ ቤቱ አሥር ሜትር ቢሆን ነው። ሦስት ሽቦ ሲሆን ሠላሳ ሜትር፣ አንድ ብሬከር፣ አንድ ማጥፊያ። ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ የሚቆጠር አይደለም። ግድግዳው ካለቀ በኋላ ግን ያው ሥራ ሴራሚክ መስበር፣ ልስን መፈልፈል፣ ቀለም መቀባት ይጨምራል፤ ቤተሰቡ «ይቅር» የሚለው ያኔ ነው። ቀርቶም ይቀራል።

አሁን ስለ ንዝረቱ። ይህ ከሁሉም በላይ ያስጨንቀኛል።

የምጣድን አሠራር ታውቃላችሁ፤ ሸክላው ከሥሩ ተቦርቡሮ የሚግለው ሽቦ ተጠምጥሞ ይቀበርበታል፣ ከዚያ በብረት አካል ላይ ይቀመጣል። ሊጡ ይፈሳል፣ እንፋሎቱ ይወርዳል፣ ሸክላው ይሰነጠቃል። እርጥበቱ ወይም የተበጠሰው ሽቦ ብረቱን ሲነካ የምጣዱ አካል ራሱ ፌዝ ይሆናል። ኧርዝ የሚባለው፣ የዕቃውን ብረት ከመሬት ጋር የሚያያይዘው አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ የተፈለሰፈው ለዚህች ሰዓት ነው። እኔ ግን ሶኬት ስፈታ ከማያቸው ነገሮች መካከል አንዱ የኧርዝ ምላስ ኖሮት ሽቦ ያልታሠረለት ሶኬት ነው። አንዳንዴ ሽቦው አለ፤ ሌላው ጫፉ ማከፋፈያ ሣጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ናስትሮ ተለጥፎበት ተቀምጧል። ከውጭ የሚያየው ሰው ሁሉ የተሟላ ነው ብሎ ያስባል።

ኧርዙ በትክክል ቢታሠርም ብቻውን እንደማይበቃ ልናገር፤ ይህን ከሙያ ባልደረቦቼም ብዙዎቹ አያምኑኝም። ግቢ ውስጥ የተቀበረው የኧርዝ ዘንግ መቋቋሙ 20 ኦም ነው እንበል። ምጣዱ ፌዝ ቢሆን በዘንጉ በኩል ወደ መሬት የሚፈሰው 220 ሲካፈል ለ20፣ ማለትም 11 አምፔር ነው። የ25 አምፔር ብሬከር 11 አምፔር ሲያይ ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል። ምጣዱ እንደ ፌዝ ይቆያል። ስለዚህ አርሲዲ የሚባለው ያስፈልጋል። እሱ የሚሄደውንና የሚመለሰውን አምፔር እያነጻጸረ፣ 30 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም ከአንድ አምፔር መቶኛ ክፍል ሦስቱ ሲጎድልበት፣ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ይቆርጣል። የሰው ልብ ምት ሳይዛባ እንዲደርስ ተብሎ የተመረጠ መጠን ነው።

አንድ እውነት አልደብቅም። አርሲዲ የገጠምኩላቸው ቤቶች መልሰው ጠርተውኛል፤ «ይህ ነገር አላስጋግር አለን፣ አውጣልን» ብለው። እርጥበት የገባበት አሮጌ ምጣድ አርሲዲውን ያወርደዋል። ያወጡላቸው ሠራተኞችም አሉ። እኔ ግን በእነዚያ ቤቶች ምጣዱን በመለኪያ ፈትሼ አሳይቻቸዋለሁ፤ አርሲዲው የወረደው ምጣዱ እየነዘረ ስለነበር ነው። አንዷ እናት «እና እስከ ዛሬ በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው?» አለችኝ። አዎ፤ በእሷ በኩል ነበር። የላስቲክ ጫማዋ ባይኖር ኖሮ ከዚያ በላይ ያልፍ ነበር።

የሚፈራ ሌላም ነገር አለ። ምጣዱ በርቶ ሳለ መብራት ይጠፋል። ሊጡ ይከደናል፣ ሰው ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል፣ ምጣዱ እንደተሰካ ይረሳል። ማታ መብራት ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ባዶ ምጣድ ይግላል፤ አጠገቡ ሰፌድ አለ፣ ጨርቅ አለ፣ የዘይት ጄሪካን አለ። ብሬከሩም አርሲዲውም እዚህ ምንም አያደርጉም፤ በእነሱ ዓይን ሁሉም ደህና ነው። መድኃኒቱ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚለቅ፣ ሲመጣ በእጅ ካልተጫኑት የማይመለስ ማብሪያ ነው። በዎርክሾፕ መጋዞች ላይ የምናየው አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው። በኮንታክተር፣ ማለትም በራሱ በኤሌክትሪኩ ጉልበት ተይዞ በሚቆይ ማብሪያ፣ ይህን የሚያበጅልን ሰው መርካቶ አለ። ይህን ግዴታ አድርጉት ለማለት ገና ነው፤ ፕላን የሚሥሉ ሰዎች ግን እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

ለሕንፃ መሐንዲሶች የተለየ ቃል አለኝ። የአንድ ሕንፃ ዋና ገመድ ሲሰላ፣ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሙሉውን አይጠቀምም ተብሎ ይቀነሳል። አሠራሩ ትክክል ነው፤ ያለ እሱ የትኛውም ሕንፃ ዋጋው አይቻልም። ነገር ግን የምትቀንሱበት መጠን ሰው በተለያየ ሰዓት በሚያበስልበት አገር የተገመተ ከሆነ፣ የፋሲካን ዋዜማ አስቡ። የእንቁጣጣሽን ዋዜማ አስቡ። አርባ ቤት ባለበት ብሎክ ሃያው በአንድ ጊዜ ምጣድ ቢያበራ፣ ምጣዱ ብቻውን 70 ኪሎ ዋት ነው። ያን ዕለት ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ ወደ 2,340 ዋት ይወርዳል፤ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛው ይሄዳል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይጣበቃል። ብዙ እናቶች ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው የሚጋግሩት «ያን ጊዜ መብራቱ ይጠነክራል» ብለው ነው። ይህ ሳይማሩ የደረሱበት ትክክለኛ የኤሌክትሪክ ዕውቀት ነው፤ ስሌቱ ውስጥ ግን የእነሱ እንቅልፍ አልተቆጠረም።

በጋራ መኖሪያ ግቢዎች ውስጥ ኮሚውናል የሚባሉትን ሕንፃዎችም አትርሷቸው። ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አራትና አምስት ምጣድ የሚችል መስመርና በየምጣዱ የራሱ ብሬከር ያለው ኮሚውናል ቢኖር፣ የበዓል ዋዜማው ጫና ከየቤቱ ጠባብ ሽቦ ላይ ይነሣ ነበር። አሁን ብዙዎቹ ለሌላ አገልግሎት ውለው አያለሁ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ለዚያ ግድብ ቦንድ ከገዙት መካከል እኔም ደንበኞቼም አለንበት። ኃይሉ ሲበዛ ሰው ከሰልና እንጨት እየተወ ወደ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ መዞሩንም ሁላችንም እንፈልገዋለን፤ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ጭስ ሲጎዳው አይተናል። ግን ያ ኃይል ከጉባ ተነሥቶ ያን ሁሉ ተራራ አቋርጦ የሚጨርሰው በማድ ቤታችን የመጨረሻ አሥር ሜትር ሽቦ ላይ ነው።

የሕንፃ ሕጋችን የሕንፃ ፕላን ከግንባታ በፊት ለእናንተ ቀርቦ እንዲመረመር ያዛል። እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ፕላን ሲቀርብላችሁ ማድ ቤቱ ላይ የምጣዱን መስመር ፈልጉ፤ ከሌለ «ይስተካከል» ብላችሁ መልሱት። መጸዳጃ ቤት የሌለው የቤት ፕላን እንደማታጸድቁት ሁሉ፣ ምጣድ የሌለበትንም አታጽድቁ። ቤቱ ለነዋሪው ከመተላለፉ በፊት ኧርዙ በመለኪያ ተለክቶ፣ አርሲዲው ተሞክሮ፣ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጠው። መለካቱ ለአንድ ቤት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ተሠርተው ላለቁት ደግሞ፣ ነዋሪው ተጨማሪ መስመር ልጎትት ሲል የት እንደሚያመለክት፣ በጋራ ግድግዳና በመተላለፊያ ላይ ቱቦ ማሳለፍ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቀድለት በግልጽ ይነገረው። አሁን ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳያይ፣ በመስኮት በኩል ሽቦ እየተንጠለጠለ ነው።

እናንተም ቤት የምታሠሩ ወገኖቼ፣ ደንቡ እስኪወጣ አትጠብቁ። ኮንትራክተራችሁን «ለምጣዱ የትኛው ብሬከር ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ማከፋፈያ ሣጥኑን ከፍቶ በጣቱ ካላሳያችሁ የለም ማለት ነው። ቤት ተከራይታችሁ ወይም በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ግድግዳ መስበር የማትችሉ ከሆነ ቢያንስ ምጣዱን ከዲቫይደር ላይ አውርዱት፣ ስትጋግሩ ውሃ ማፍያውንና ቦይለሩን አጥፉ፣ ሶኬቱን በየጊዜው በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። ከሞቀ ይቀየር። ከነዘራችሁ ያን ዕለት መጋገር ይቁም።

ከእናንተ መካከል ይህን ደብዳቤ አንብቦ «እስቲ በዓይኔ ልይ» የሚል ባለሙያ ካለ ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው የበዓል ዋዜማ የሚጠሩኝ ቤቶች ይኖራሉ፤ መለኪያዬን ይዤ ስሄድ አብሮኝ ይምጣ። ያን የተቃጠለ ሽቦም አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ
አዲስ አበባ